ድንኳን የሚተከልበት ቦታ

የኋላሸት መሞቱን መካኒኩ ከዲሮ የሰማው ጠዋት ጋራዡን ሊከፍት ሲመጣ ነው። የሰፈሩ የእድር ዳኛ ጋሽ ገብረ መድህን ከመዝጊያው ፊት ቆመው ጠበቁት። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። የጥቅምት ጠዋት አሰላ ላይ ራሰ በራ ሽማግሌ ባርኔጣ የሚያወልቅበት ጊዜ አይደለም፤ ከዲሮ ገና ሳይነግሩት አንድ ነገር እንዳለ ያወቀው በዚህ ነበር።

«የአበራሽ ልጅ ሄደ» አሉ።

«ወዴት?»

 ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ መሆኑ ለከዲሮ የገባው ቁልፉ ከእጁ አምልጦ ድንጋዩ ላይ ሲያቃጭል ነው።

«ትልቁ ነው፤ የኋላሸት። ትናንት ማታ ከጅቡቲ ሲመለስ ቁልቁለት ላይ የሚነዳው የጭነት መኪና ተገለበጠበት። አስከሬኑ ነገ ረፋድ ላይ ይገባል።»

ከዲሮ ቁልፉን ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ እንዳጎነበሰም ቀረ። የሚያስበው ስለ ሞት አልነበረም። ስለ በር ማጠፊያ ነበር። ትናንት ቀትር ላይ የኋላሸት ከመንገድ ደውሎ፣ ከወንድሙ ከእንደሻው ጋር ለሚጠግኑት አሮጌ ላንድሮቨር በር የጎደለው ማጠፊያ የግራው ነው የቀኙ ብሎ ጠይቆት ነበር። «የግራው ነው፤ ደግሞ እንዳትረሳ» አለው። የኋላሸት ሳቀና፣ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ፣ የከዲሮን አነጋገር እየቀዳ «ወላሂ አልረሳም» አለ። ያ ሳቅ ገና ከጆሮው አልወጣም። ትናንት ስለ ማጠፊያ የጠየቀ ሰው ዛሬ እንዴት አስከሬን ይባላል?

«እንደሻውስ?» አለ ከመሬት ሳይነሳ።

«አልሰማም። የመጣሁትም ለዚሁ ነው። አበራሽን፣ ‹እህትሽን ትንሽ አሟታል› ብለን በማለዳ ሳጉሬ ሰደናታል። እዚያ ወንድሞቿ አሉ፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ይነግሯትና ደግፈው ያመጧታል። ታናሹን ደግሞ በዚያው ሰዓት እኛ እዚህ እንነግረዋለን። እስከዚያ ጆሮው እንዳይደርስ።»

ከዲሮ ሙስሊም ነው። በእሱ ወገን ሞት ወዲያው ይነገራል፤ አስከሬንም ወዲያው ይቀበራል። በክርስቲያን ጎረቤቶቹ ዘንድ ግን መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሊነጋ ሲል፣ በገዛ ቤቱ ነው የሚነገረው። የእነእንደሻው አባት በሌላ አገር የሞቱ ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሞ አይቷል። ሰውን በእንቅልፉ መጨረሻ፣ ጉልበቱ ሳይደክም፣ ወገን ከቦት እያለ መንገር ደግ ልማድ ነው ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ በዚያ ልማድ ውስጥ ለእሱም ሥራ ወጣለት።

«መኪናውን ከግቢ አውጣልን» አሉት።

«የቱን መኪና?»

«ላንድሮቨሩን ነዋ። ግቢው መሐል አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ድንኳኑ የት ይተከላል? ጓሮው ተዳፋት ነው። አንተ ድሮም ስትመኘው የኖርክ ነህ፤ እገዛለሁ በልና ጎትተህ ውሰደው። እንደሻውንም ዛሬ እቤትህ አሳድረው። እናንተ ስትወጡ ልጆቹ ገብተው ይተክላሉ።»

«ወንድሙ ሞቶ መኪናውን ልግዛው?»

«ሞቷል ብለህ አይደለም የምትገዛው» አሉ ጋሽ ገብረ መድህን። ከዚያ ራሳቸው ያሉትን ራሳቸው ሰሙትና ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። «እኔም አላማረኝም፣ ልጄ። ሌላ መላ ካለህ ንገረኝ።»

ከዲሮ ጋራዡን ሳይከፍት ቁልፉን ወደ ኪሱ ጨመረው።

ላንድሮቨሩን ወንድማማቾቹ ያገኙት አርቦዬ፣ አንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ነው፤ ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ነበር። ጭኖ ያመጣው የኋላሸት ነው። እንደሻው የበርና የመስኮት ብረት በያጅ ስለሆነ ዝገት የበላውን ላሜራ እየቆረጠ በአዲስ ይተካል። የኋላሸት ከየሄደበት ዕቃ ያመጣል፤ አንዳንዴ ይረሳል፤ አንዳንዴ የተሳሳተ ዕቃ ይዞ ይመጣና በራሱ ይስቃል። ከዲሮ ሞተሩን እኔ እሠራላችኋለሁ እንዳለ ሥራ ይበዛበትና ሳይነካው ዓመታት አለፉ። እናታቸው እማማ አበራሽ «ይሄ ብረት ከደጄ ይውጣልኝ፤ ልብስ የማሰጣበት አጣሁ» ሳይሉ የዋሉበት ቀን የለም። ከዲሮ «በቃ ሽጡልኝ» ባለ ቁጥር የእንደሻው መልስ አንድ ነበር፤ «የኋላሸት ይገድለኛል።»

እናም ከዲሮ ውሸቶቹን በመንገዱ እየደረደረ ወደ ግቢያቸው ሄደ። አዳማ ላንድሮቨር የሚፈልግ ደንበኛ አለኝ። ዛሬ ካልሆነ ሌላ ይገዛል። እንደሻው እንቢ ሲል ምን እንደሚለው፣ ሲቆጣ ምን እንደሚለው አሰበ። እንዲቆጣ ይመኝ ነበር፤ ከተቆጣ አብሮ መጮህ ይቻላል።

የግቢውን በር ገፍቶ ሲገባ ግን ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት። መኪናው ድንጋይ ላይ አልነበረም። በአራት ጎማ ቆሟል። አራቱ ድንጋዮች አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል።

እንደሻው ከመኪናው ኋላ ብቅ አለ፤ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ዘይት ነው።

«አንተ ጮሌ፣ ሥራ አለኝ ብለህ ጠፋህ አይደል? እየው እንግዲህ።»

«ጎማ ከየት አመጣህ?»

«ከጎሚስታው። ያረጁ ናቸው፤ ግን ይይዛሉ። ገና ምን አይተህ። እዚህ ቁም፤ እዚህ ጋ።»

የቤንዚን ታንከሩ ገና አልተገጠመም፤ ኮፈን በሌለው ሞተር ላይ ቤንዚን የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ከሱ ቀጭን ጎማ ወደ ካርቡራተሩ ይወርዳል። እንደሻው ዘሎ መሪው ጋ ወጣ። በግራ በኩል በር ስለሌለ መላ ሰውነቱ ይታያል። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አሳለ፤ ቆመ፤ ደግሞ አሳለ፤ ከዚያ ያዘ።

የግቢው ቆርቆሮ ሁሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዲሮ አፉን ከፍቶ ቀረ። ይህን ሞተር ፈትቶ አይቶት ነበር፤ አይነሳም ብሎ በልቡ ከፈረደበት ቆይቷል። ዛሬ ከቀን ሁሉ ተመርጦ መነሳቱ ሊገባው አልቻለም።

እንደሻው ሞተሩን አጠፋና ወረደ። «ቪዲዮ እያየሁ ነው የሠራሁት። ላንተም አልተናገርኩ፣ ለየኋላሸትም አልተናገርኩ። ቅዳሜ በሩን ከፍቶ ሲገባ አስነሳበታለሁ። ፊቱን አስበው እስቲ።»

ከዲሮ አሰበው። ሊያስበው አልፈለገም ነበር።

«ስልክህን አውሰኝ» አለ። «የኔ ወድቆ ተሰበረ። ደንበኛ ጋ ልደውልበት።»

እንደሻው እጁ ስለቆሸሸ «ከኪሴ አውጣው» ብሎ ጎኑን አዞረለት። ከዲሮ ስልኩን አውጥቶ ወደ ራሱ ኪስ ጨመረው። ወዲያው መንዘር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጭኑ ላይ ሲነዝር ዋለ።

«ላንድሮቨሩን ልገዛ ነው የመጣሁት» አለ ከዲሮ፤ ቶሎ ብሎት ለመገላገል።

«እሺ» አለ እንደሻው።

«ምን እሺ?»

«እሺ ግዛ። ልመጣብህ ነበር እኮ። ትናንት ማታ ወሰንኩ።»

«ትናንት ማታ?»

«ሞተሩን መጀመሪያ ያስነሳሁት ትናንት ማታ ነው። እዚያው መሪው ጋ ቁጭ ብዬ ሳዳምጠው፣ ይሄ እኮ አሁን ዋጋ አለው አልኩ። ይሸጥና፣ እኔ ጋ ካለችው ጋር አድርገን፣ ሳጉሬ በሚሠራ ሚኒባስ ላይ የኋላሸት ድርሻ ይግባ። ከዚያ የጅቡቲውን መንገድ ይተው። ሳጉሬ አሰላ፣ ሳጉሬ አሰላ። ራቱን እናታችን ጋ ይብላ። መኪና መሥራት ይቆየናል።»

ከዲሮ የላንድሮቨሩን ጭቃ መከላከያ ያዘ። ብረቱ በረዶ ነው። 

«እሱስ?» አለ። «ግማሹ የሱ አይደል?»

«ቅዳሜ እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ይቆጣል። ከዚያ ይስቃል። ታውቀው የለ? አንተስ ስንት ትላለህ?»

«ያልከውን።»

እንደሻው ራቅ ብሎ አየው። «አንተ? በአንድ ቡሎን ግማሽ ቀን የምትከራከር ሰውዬ? አሞሃል መሰለኝ።»

«ብርዱ ነው» አለ ከዲሮ።

እጅ ተማቱ። የእንደሻው እጅ ዘይት ስለነበር የከዲሮም እጅ ጠቆረ። እንደሻው ፈገግ እያለ የጠቆረውን እጅ አየ፤ «ገዛህ እንግዲህ። ግን ተጎትቶ አይወጣም፤ እኔው ነድቼ አደርስልሃለሁ። አንዴ እንኳን ሳልነዳው?»

ጋራዡ ለመድረስ የውስጥ መንገድ ነበር። ከዲሮ በዚያ እንሂድ አለ። እንደሻው ግን በዋናው አስፋልት ወሰደው፤ ሰው ይየው ብሎ። ከተማው በዝግታ ተገለጠ፤ ጭላሎ ተራራ ከላይ ደመናውን እንደ ነጠላ ጣል አድርጓል፤ ነፋሱ በር በሌለው በኩል ይገባል። መሪው ላይ የተቀመጠውን ሰው ለማየት ማንም አንገቱን ማስገግ አላስፈለገውም።

መጀመሪያ ያዩአቸው ባጃጆቹ ነበሩ። ዳር ይዘው ቆሙ። ቀጥሎ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች አንድ በአንድ ተነሱ፤ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ሁለት ሽማግሌዎች ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።  ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የማያውቀው የሚነዳው ሰው ብቻ ነበር።

«አየህ?» አለ እንደሻው በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮኸ። «ላንድሮቨር ሲያልፍ ሰው ይነሳል። እነሱ መኪና ያውቃሉ።» እጁን አንሥቶ ለሁሉም ሰላምታ ሰጠ። የሚመልስለት ጠፋ። አንድ የባጃጅ ሹፌር እጁን ግማሽ ድረስ አንሥቶ መልሶ አወረደው።

ከዲሮ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ቤንዚን እያየ ተጓዘ። ሌላ ቦታ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አልነበረውም።

ጋራዡ ጋ የከዲሮ ሚስት ፋጡ ምሳ አሰናድታ ጠበቀቻቸው። እንደሻውን ስታየው «እንኳን ደህና መጣህ» ልትል ጀምራ መጨረስ አቃታት፤ ወደ ጓዳ ተመለሰች። እንደሻው በላ። ብዙ በላ። ስለ ካርቡራተሩ አወራ፤ ስለ ሚኒባሱ አወራ፤ የኋላሸት ረዳት ሆኖ «ሳጉሬ፣ ሳጉሬ» ብሎ ሲጣራ እየቀዳ አሳቀ። የሳቀው ግን ራሱ ብቻ ነበር።

«ዛሬ እዚህ እደር» አለው ከዲሮ። «እናትህም የሉ። ብቻህን ምን ታደርጋለህ?»

«አድራለሁ፤ ግን በሩን አምጥቼ።»

«የቱን በር?»

«የግራውን። ቀለም ቀብቼ የኋላሸት መኝታ ቤት አስቀምጬዋለሁ፤ ማጠፊያ ነው የሚጠብቀው። መኪና ሸጬ በሩን ላስቀርብህ?»

«ነገ ይደርሳል።»

«ነገማ ረሳህ፣ ረሳሁ ይመጣል። የተሸጠ ዕቃ በሙሉው ነው የሚረከቡት። መኪናው ሞቅ እንዳለ ደርሰን እንመለስ።»

ከዲሮ ያለውን ሁሉ ሞከረ። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ላልቷል አለ። ትራፊክ ይይዘናል አለ። ሆዴን አሞኛል አለ። «አንተ ተኛ፣ እኔ ብቻዬን ደርሼ እመጣለሁ» ሲለው ተነሥቶ ተከተለው። እንደሻው አንድ መለዋወጫ ጠርሙስ ቤንዚን ከወንበሩ ኋላ አስቀመጠ። ከዲሮ ሞተሩ ጋ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ቀጭኗን ጎማ ሳብ ቢያደርጋት መኪናው አይሄድም፤ ማንም አያይም። እጁ ደረሰባት። ይህን ሞተር ሳይሠራው ዓመታት ያቆየው እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ የተነሳውን ሊያጠፋ ነው። እጁን መለሰ።

በመንገድ ላይ ሊነግረው አሰበ። አፉን ከፈተ። መርዶ ግን መንገድ ላይ አይነገርም፤ ያውም መሪ ለያዘ ሰው። አፉን ዘጋ። ድንኳኑ ገና ይሆናል፣ ልጆቹ ይዘገያሉ፣ እድር መቼ በሰዓቱ ይመጣል እያለ ራሱን አጽናና።

የእድሩ ልጆች አልዘገዩም።

መታጠፊያውን እንደዞሩ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አዩ። ጠዋት ላንድሮቨሩ የቆመበት ቦታ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። አንድ ወጣት የመጨረሻውን ገመድ እየሳበ ነው። ሌሎቹ አግዳሚ ወንበር ያወርዳሉ። የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ሁሉም ዘወር አሉ፤ እንደ ዞሩም ደርቀው ቀሩ።

እንደሻው ፍሬን ያዘ። ማርሹን አወጣ። ቁልፉን አልነካውም። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ወደ ፊት አየ።

«የኛ ግቢ ነው» አለ።

ከዲሮ ድንኳኑን አየ።

«እናቴ ናት?»

ከዲሮ ራሱን ነቀነቀ፤ አይደሉም ለማለት። ከነቀነቀ በኋላ ነው መልሱን ሁሉ ጨርሶ እንደ ነገረው የገባው። በዚያ ቤት ከእናቲቱ ሌላ የቀረ አንድ ሰው ነው።

እንደሻው አልጮኸም። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። የሞተሩን ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ራሱን ትንሽ ወደ ጎን አዘነበለ።

ጋሽ ገብረ መድህን ከድንኳኑ ሥር ወጥተው መጡ። አብረዋቸው ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሚሉት ግን አይሰማም። ያ ሞተር አጠገቡ ቆመው የሚናገሩበት ሞተር አልነበረም።

«አጥፋው ልጄ» አሉ በእጃቸው እያመለከቱ።

«ካጠፋሁት ዳግም አላስነሳውም» አለ እንደሻው።

ሽማግሌው አልሰሙትም። ከዲሮ ግን ሰማው። የተንጠለጠለውን ጠርሙስ አየ፤ ሥሩ ላይ ጥቂት ብቻ ቀርቷል። እንደሻውም አይቶታል። ሁለቱም ያችን ጥቂት አዩ።

«ከወንበሩ ኋላ ሌላ አለ» አለ እንደሻው፤ ወደ ከዲሮ ሳይዞር።

ከዲሮ ጠርሙሱን አንሥቶ ወረደ። ሰው ሁሉ እያየው፣ ሽማግሌዎቹ በቆሙበት፣ ወደ ሞተሩ ተጠግቶ ቤንዚኑን ወደ ተንጠለጠለው ጠርሙስ ገለበጠው። ጥቂቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። ቀና ሲል ከጋሽ ገብረ መድህን ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሽማግሌው ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከጎናቸው ያሉትን በክንዳቸው ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አድርገው፣ ቆሙ። ድንኳን ተካዮቹም ቆሙ። ጎረቤቶች ከየበራቸው ወጥተው ቆሙ። ሞተሩ ብቻ ይሠራል።

ከዲሮ ተመልሶ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ጠዋት ስትመጣ ታውቅ ነበር?» አለ እንደሻው።

«አውቅ ነበር።»

«ስልኬን ስትወስድ።»

«አዎ።»

«ሰዉ የተነሳው ለመኪናው አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«እጄን ስትመታስ?»

«ያኔም አውቅ ነበር፣ እንደሻው። ድንኳኑ ቦታ አጥቶ ነው። ሌላ መላ አጣን።»

እንደሻው ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ስሌት ልክ ሆኖ እንደወጣለት ሰው። ጠርሙሱ ወደ ግማሽ ወረደ። ከዚያ እንዲያልቅ አልጠበቀም። ቁልፉን ራሱ አዞረው።



«አሁን ይንገሩኝ፣ ጋሼ» አለ።

ጋሽ ገብረ መድህን ለጎህ ያዘጋጁት ብዙ ቃል ነበራቸው፤ ከቅዱስ መጽሐፍ ጭምር። ሁሉንም ተዉት። «የኋላሸት አርፏል፣ ልጄ» አሉ። 

እንደሻው ወረደ። ሊይዙት እጃቸውን ዘረጉ፤ በመሐላቸው አለፈ። ድንኳኑን አቋርጦ ወደ ቤት ገባ። ራሱን እንዳይጎዳ ብለው ሁለት ወጣቶች ተከተሉት። ወዲያው ተመልሶ ወጣ፤ የላንድሮቨሩን የግራ በር ታቅፏል። አረንጓዴው ቀለም ያብረቀርቃል። ሰው መንገድ ለቀቀለት። እየተራመደ፣ ከመኪናው ወርዶ የቆመው ከዲሮ ዘንድ መጣና በሩን በእጁ ላይ አኖረለት።

«ይኸው» አለ። «ተረክበሃል።»

ያኔ ከሴቶቹ አንዷ ጮኸች፤ ከዚያ ሁሉም ጮኹ፤ እንደሻውም ከቆመበት አጋደለ። ከዲሮ በሩን እንደ ታቀፈ ነበር። ጓደኛውን ሊደግፈው ፈለገ፤ በሩን መሬት ላይ ሊጥለው ግን አልቻለም። ሌሎች ያዙት።

ቀብሩ በማግሥቱ ተፈጸመ። እማማ አበራሽን ከሳጉሬ በሁለት ወገን ደግፈው አመጧቸው። ከዲሮ ሬሳ ተሸከመ፤ ውሃ ቀዳ፤ እንግዳ አስተናገደ። ከእንደሻው ጋር ግን ቃል አልተለዋወጡም። ላንድሮቨሩ ከበሩ ውጭ እንደቆመ ነበር፤ ለቀስተኛው በጎኑ እየተሽሎከለከ ይገባል፤ አንዳንዱ ሳያስበው ጭቃ መከላከያውን ዳሰስ አድርጎ ያልፋል። አራቱ ድንጋዮች ከአጥሩ ሥር ወጥተው መቀመጫ ሆኑ፤ ከዲሮ ከእነሱ በአንዱ ላይ ነበር የሚቀመጠው።

በሰልስቱ፣ ሰዉ ሲሳሳ፣ ከዲሮ ተነሥቶ እንደሻው አጠገብ ተቀመጠ። የመኪናውን ቁልፍ በመሐላቸው አኖረ።

«እኔ አልገዛሁም» አለ።

«ገዝተሃል። እጅ ተማተናል።»

«እንግዲያ ልመልስ።»

እንደሻው ቁልፉን ሳይነካው አየው። «የሸጥኩልህ ግማሹ የኔ አልነበረም። ባለቤቱ ደግሞ ያን ጊዜ የሚጠየቅበት አልነበረም። ምን ዓይነት ሽያጭ ነው እሱ?» ቀጥሎም፣ «ግን አሁን ምን ላደርገው ነው? ጨርሼ ለማን ላስነሳበት?» አለ።

እማማ አበራሽ ፍራሹ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ነበር። ጥቁር ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። ሁለቱም እሳቸው ያልሰሙ መስሏቸው ነበር።

«ይውጣልኝ እያልኩ ነው የኖርኩት» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ወደ ደጅ እያዩ። «ቦታው ባዶ ሲሆን ምን እንደሚተከልበት አየሁ።» ከዚያ ፊታቸውን መልሰው ሸፈኑ።

ያን ዕለት ከሰዓት የኋላሸት የሥራ ባልደረባ የሟቹን ሻንጣ አመጣ። እማማ አበራሽ ሊያዩት አልፈለጉም። እንደሻው ወደ ጓሮ ወሰደው፤ ከዲሮንም በዓይኑ ጠራው። ሻንጣው ውስጥ ሹራብ ነበር፤ መላጫ ነበር፤ ለእናትየው የተገዛ ሻሽ ነበር። ከሁሉም ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ነበር።

እንደሻው ጋዜጣውን ፈታው። የበር ማጠፊያ ነው። አዲስ፤ ገና ዘይቱ ያልተጠረገ። ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው። ገለበጠው። ደግሞ ገለበጠው።

«የቀኝ ነው» አለ።

ከዲሮ ተቀብሎ አየ። የቀኝ ነበር።  «የግራ ነው ብዬዋለሁ» አለ። «ቀትር ላይ ደውሎ ሲጠይቀኝ የግራው ነው አልኩት። እንዳትረሳ አልኩት። ወላሂ አልረሳም አለኝ።»

«አልረሳማ» አለ እንደሻው። «ተሳሳተ እንጂ መቼ ረሳ?»

ሳቅ መጣበት። ሊይዘው ሞከረ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ አመለጠው። ለቀስተኛ ባለበት ግቢ፣ በጓሮ፣ ሹራቡን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ከዲሮ ደንግጦ አየው፤ ከዚያ የኋላሸት የተሳሳተ ዕቃ ይዞ ሲመጣ የሚስቀው ሳቅ መሆኑን አወቀ፤ ያው ትከሻ፣ ያው መንቀጥቀጥ። እየሳቀ ቆይቶ ሳቁ መቼ ወደ ለቅሶ እንደዞረ ሁለቱም አላወቁም። ከመርዶው ወዲህ እንደሻው ያለቀሰው ያኔ ነው።

ከዲሮ ክንዱን ይዞት ቆመ። አሁን እጁ ላይ ምንም በር አልነበረም።

በመጨረሻ እንደሻው ፊቱን በሹራቡ ጠረገ። ማጠፊያውን መልሶ በዚያው ጋዜጣ፣ በዚያው እጥፋት ጠቀለለው።

«የሸጡት ሰዎች ይቀይሩልናል?» አለ።

«ደረሰኝ ከሌለ አይቀይሩም።»

«እንሞክራ።»

«እንሞክር» አለ ከዲሮ።

ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ እንደሻው ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ ከዲሮ ትቶት ከሄደበት ላይ የመኪናውን ቁልፍ አነሣና ወደ ኪሱ ጨመረው። ወጣቶቹ ካስማውን መንቀል ጀምረው ነበር። ላንድሮቨሩ ተመልሶ የሚቆምበት ቦታ እስኪለቀቅ ቆሞ ጠበቀ።